ስለ አንጋፋ ሯጭ ውል



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ሩጫ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስለ ደመወዝ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ዕድሜው እየገፋ በሄደ መጠን ደመወዙ እርከን በእርከን ከፍ ይላል። ከደመወዙ እርሱ በየወሩ 7 ከመቶ፣ መንግሥትም በበኩሉ 11 ከመቶ ለጡረታ ስለሚያስቀምጡ፣ 60 ዓመት ሞልቶት ሲሰናበት መጠነኛም ቢሆን የሚጦርበት ገንዘብ አለው። በእግሩ ሮጦ የሚያድር ሰው ነገር ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከፍ ያለውን ገንዘብ የሚያገኘው ገና 25 ዓመት ሳይሞላው፣ ቤትም ትዳርም ሳይኖረው ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው ወጪው በሚበዛበት ዘመን ገቢው ማሽቆልቆል ይጀምራል። በ35 ዓመቱ ሽማግሌ ይባላል። በ40 ዓመቱ ውል ልፈራረም ብሎ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የልደቱን ዘመን ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ዋጋ ማን፣ በምን ሚዛን ይመዝነዋል? ይህን ለመመርመር ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ሰው በምሳሌነት እናንሣ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች እንዲገነዘቡልኝ እለምናለሁ።

አቶ ቀነኒሳ በቀለ በ1982 በአርሲ ውስጥ በምትገኘው በበቆጂ ተወለዱ። በ2004 ሆላንድ አገር ሄንግሎ ላይ 5 ሺሕ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ፣ በ2005 ደግሞ ብሩክሴል ላይ 10 ሺሕ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ሮጡ። የመጀመሪያው ክብረ ወሰን 16 ዓመት፣ ሁለተኛው 15 ዓመት ጸንቶ ከቆየ በኋላ፣ ሁለቱንም በ2020 የዑጋንዳው ጆሽዋ ቼፕቴጌ ወሰዳቸው። በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10 ሺሕ ሜትር፣ በቤይዢንግ ኦሊምፒክ ደግሞ በ5 ሺሕም በ10 ሺሕም ሜትር ወርቅ አገኙ። ከ2002 እስከ 2008 በዓለም የአገር አቋራጭ ውድድር በግል 11 ጊዜ አሸንፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው በወጣትነቱ ውል ሲዋዋል ዋጋውን የሚናገረው ራሱ ነው፤ የኩባንያው ሰው ብዕሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

የዚህ ዓይነቱ ውል እንዴት ያለ እንደ ሆነ ጥቂት ልግለጽ። ሯጭ ዋናውን ገንዘብ የሚያገኘው ከጫማ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በዓመት ይህን ያህል ብሎ የተቈረጠ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ባሸነፈ፣ ክብረ ወሰን በሰበረ፣ ሜዳልያ ባገኘ ጊዜ ደግሞ ጉርሻ ይጨምርለታል። ከዚህ ሌላ የውድድር አዘጋጆች አሉ፤ እነርሱም በውድድሩ ላይ እንዲገኝላቸው ብቻ የሚከፍሉት ገንዘብ አለ፤ በሚያገኘውም ደረጃ ሽልማት ይሰጡታል። ከሚያገኘው ሁሉ ወኪሉ በተለመደው አሠራር 15 ከመቶ ይወስዳል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነው። በብዙ ውሎች ውስጥ ግን ከበስተኋላ የሚገኝ አንድ አንቀጽ አለ፤ እርሱም የቅነሳ አንቀጽ ነው። ሯጩ በዓመቱ ውስጥ የተወሰነውን ያህል ውድድር ያልሮጠ፣ ወይም በዓለም የደረጃ ዝርዝር ከተወሰነው ቍጥር በታች የወረደ እንደ ሆነ፣ የተቈረጠለት የዓመት ገንዘብ በዚያው መጠን ይቀነሳል። የቀረበት ምክንያት የባቱ ጅማት ስለ ተጎዳ ቢሆንም እንኳ አንቀጹ ያው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። አንድ ጸሐፊ ወይም አንድ የግምጃ ቤት ሹም ሲታመም የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ ይተኛል፤ ድኖም ሲመለስ ወንበሩን ያገኘዋል። ሯጩ በታመመ ጊዜ ግን ሁለት ነገር በአንድነት ይደርስበታል፤ ገቢው ይቀነሳል፣ ወጪውም ለሐኪምና ለወጌሻ ይጨምራል። ይህ ብቻም አይደለም። የእኛ የደመወዝ እርከን በደንብ ተጽፎ ሁሉም ያውቀዋል፤ የጫማ ውል ግን ምስጢር ነው። ሯጩ ጓደኛው ስንት እንደሚከፈለው ስለማያውቅ በድርድር ጊዜ በጨለማ እንደሚገበያይ ሰው ነው።

አሁን ወደ አቶ ቀነኒሳ እንመለስና የኋለኛውን ዘመናቸውን ዓመት በዓመት እንየው። በ2010 ባታቸው ተጎዳ። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ በ10 ሺሕ ሜትር አራተኛ ሆኑ። በሚያዝያ 2014 ወደ ማራቶን ተሻግረው ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ማራቶናቸውን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ አሸነፉ። በጥር 2015 ዱባይ ላይ አቋርጠው ወጡ፤ ከዚያም ብዙ ወራት ከውድድር ራቁ። በ2016 ለሪዮ ኦሊምፒክ ሳይመረጡ ቀሩ፤ ሆኖም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ሮጠው በጊዜው ለነበረው የዓለም ክብረ ወሰን 6 ሴኮንድ ብቻ ቀራቸው። በ2017 ዱባይ ላይ አቋረጡ፤ ለንደን ላይ ሁለተኛ ሆኑ፤ በርሊን ላይ እንደገና አቋረጡ። በ2018 ለንደን ላይ ስድስተኛ፤ አምስተርዳም ላይ ማቋረጥ።

ይህን ዝርዝር ይዞ በ2018 መጨረሻ ላይ የሚፈርድ አንድ የሒሳብ ሹም እናስብ። ሰውየው ሐቀኛ ነው፤ ክፋትም የለበትም። በወረቀቱ ላይ ያለው ግን የ36 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ከቅርብ ማራቶኖቹ ግማሽ ያህሉን ያልጨረሰ ሰው ነው። የሚጽፈው ፍርድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መስከረም 29 ቀን 2019 በርሊን ላይ አቶ ቀነኒሳ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ጨረሱ። በጊዜው የነበረው የኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሴኮንድ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ሴኮንድ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ማለት ነው። ዕድሜያቸውም 37 ነበረ።

በዚህ በኢሉባቦር፣ ይልቁንም ከመቱ በጎሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ዳር በተቀመጠችው በእኛ በቡሬ፣ ይህን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቃል የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ቡና ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። የቡናው ዛፍ አርጅቶ ፍሬው ባነሰ ጊዜ ገበሬው ነቅሎ አይጥለውም፤ ለቀማው ካለቀ በኋላ ግንዱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ አግድም ሳይሆን አዘንብሎ ይጎነድለዋል። ከጉቶውም ብዙ ቍጥቋጥ ይወጣል፤ ገበሬው ደኅና ደኅናውን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ ሌላውን ያስወግዳል። በአንደኛው ዓመት ምንም አይለቅምም፤ በሁለተኛውም እምብዛም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያው አሮጌ ሥር፣ መሬቱን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሥር፣ እንደገና ያፈራል። ሥራው የመቍረጥ ብቻ ሳይሆን የመጠበቅም ነው። መጠበቅ የሚችለው ደግሞ ሌላ የሚበላው ነገር ያለው ገበሬ ነው፤ የሌለው ግን ጉንደላን እየወደደው እንኳ ሳይደፍረው ይቀራል።

የአንጋፋ ሯጭ ውል ጥያቄም በእኔ አስተያየት ይኸው ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት «ጕልበቱ አለቀ ወይስ አላለቀም?» በሚል ነው፤ ይህን ግን ሯጩ ራሱም፣ ሐኪሙም፣ አሠልጣኙም አስቀድመው በእርግጥ ሊያውቁት አይችሉም። ሊታወቅና በወረቀት ሊጻፍ የሚችለው፣ የመጠበቂያውን ዘመን ወጪ ማን ይሸከማል የሚለው ነው። ዛሬ በልማድ በሚፈረሙት ውሎች የሚሸከመው ሯጩ ብቻውን ነው።

ቀድሞስ እንዴት ነበር? ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፉ 36 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በ1972 በሙኒክ በ40 ዓመታቸው የነሐስ ሜዳልያ አገኙ። የጫማ ውል የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ በዚያ ዘመን ሯጭ በሩጫው ገንዘብ ይቀበል ዘንድ ሕጉ አይፈቅድም ነበርና። (ሕጉ የላላውና ለሯጮች በአደራ የሚቀመጥ ገንዘብ የተፈቀደው በ1982፣ ማለትም አቶ ቀነኒሳ በተወለዱበት ዓመት ነው።) ነገር ግን ሻምበል ማሞ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የወር ደመወዛቸው አይቀነስም። እንግዲህ ያ ውል የሌለው ሰው፣ ዛሬ ውል ያለው ሰው የማያገኘውን አንድ ነገር ያገኝ ነበር፤ እርሱም ጊዜ ነው። ይህን ስል የቀድሞው ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ስማቸው ዓለምን ሲዞር ከስማቸው የሚገባ ሳንቲም አልነበራቸውም፤ ይህም ግፍ ነበር።

ወደ ሌላው ዓለም ብንመለከት የተለየ ልማድ ይገኛል። በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባል፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ አለ፤ እኛ ገና ስንጫወት ሩሩን እንደምንመታው ያለ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሚስተር አልበርት ፑሆልስ የተባሉት የዶሚኒካን ተወላጅ በ2011 መጨረሻ፣ 31 ዓመት ሆኗቸው ሳለ፣ ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ክለብ ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራረሙ፤ ገንዘቡም 240 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያ ጨዋታ እንዲህ ያለ ውል ከተፈረመ በኋላ ተጫዋቹ ቢደክምም ቢጎዳም ገንዘቡ ይከፈላል። ሰውየውም በእርግጥ ደከሙ፤ በአሥረኛው ዓመት፣ በግንቦት 2021፣ ክለቡ አሰናበታቸው፤ ገንዘቡ ግን አልተቋረጠባቸውም። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2022 በ42 ዓመታቸው ወደ ቀድሞው ክለባቸው ወደ ሴንት ሉዊስ በ2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ተመለሱ፤ በዚያም ዓመት 24 ጊዜ ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ አውጥተው፣ በዘመናቸው ሁሉ የመቱትን 703 አድርሰው በክብር ተሰናበቱ። ጥቂቶች ብቻ በደረሱበት በ700 ላይ የቆሙት በርካሹ ውል ዘመን እንጂ በውዱ አይደለም።

ከዚህ ምን እናስተውላለን? የ10 ዓመቱ ውል ለክለቡ ከባድ ሆኖበታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የአንድ ዓመቱ ውል ግን ለሁለቱም ጠቀመ። የጠቀመበትም ምክንያት ሽማግሌው ተጫዋች በረኀብ ተገፍቶ የፈረመው ስላልነበረ ነው፤ ከበስተኋላው የተጠበቀለት ገንዘብ ስለ ነበረ ደስ ያለውን መርጦ ለመፈረም ቻለ። የእኛ ሯጭ ግን ሁለቱንም ዓይነት ውል በአንድ ጊዜ አጥቶ ይገኛል። ረጅሙ አይሰጠውም፤ አጭሩንም በጭንቀት ይፈርመዋል።

ከዚህ ጭንቀት የዳኑ አሉ። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ በ35 ዓመታቸው 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጠው የራሳቸውን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻሉ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በጥር ወር ዱባይ ላይ ለአንደኛ የወጣው ሽልማት 250 ሺሕ ዶላር ሲሆን፣ ክብረ ወሰን ለሰበረ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር፤ ሻለቃ ኃይሌ አሸንፈው ሩቡን ሚሊዮን ወሰዱ፤ ሚሊዮኑ ግን ቀረ። ነገር ግን እርሳቸው ገና በብርቱነታቸው ዘመን ገንዘባቸውን በሕንፃና በሆቴል ላይ አውለውት ስለ ነበረ፣ የጫማ ኩባንያ ፊት የሚቀርቡት እንደ ነጋዴ እንጂ እንደ ለማኝ አልነበረም። በኅዳር 2010 ኒውዮርክ ላይ ውድድሩን አቋርጠው «ሩጫ አቆምሁ» ቢሉም በጥቂት ቀን ውስጥ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ በመጨረሻ የተሰናበቱት በ2015 ነው። ሰው እንዲህ ሐሳቡን ለመለወጥ የሚችለው የሚበላው ሲኖረው ነው። አቶ ቀነኒሳም ቢሆኑ በአዲስ አበባ ሆቴል፣ በሱሉልታም የመሮጫ ሜዳ ያለው የልምምድ ስፍራ አቋቁመዋል። የእርሳቸው ጉንደላ የተሳካው አንድም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉም መነሣት ይገባቸዋል። በኅዳር 2009 የ37 ዓመት እናት ሆነው ኒውዮርክ ሲገቡ ጋዜጠኛው ሁሉ የሚጠባበቀው እንግሊዛዊቷን ፖላ ራድክሊፍን ነበር። ኮሎኔል ደራርቱ አሸነፉ፤ የአንደኛው ሽልማት 130 ሺሕ ዶላር ነበር። በሴት ሯጭ ላይ የቅነሳው አንቀጽ ይበልጥ የከፋ እንደ ነበረ በዚህ አጋጣሚ ልግለጽ፤ እርግዝናን እንደ ጉዳት ይቈጥረው ነበርና። በ2019 አሜሪካዊቷ ሯጭ አሊሰን ፌሊክስ ይህንን በጋዜጣ ላይ በግልጽ ከጻፉ በኋላ፣ ናይኪ የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ለነፍሰ ጡር ሯጮች 18 ወር ያህል ክፍያቸው እንዳይቀነስ ውሉን አሻሻለ። ስለዚህ መጠበቅ በውል ሊጻፍ የማይችል ነገር ነው የሚሉን ሰዎች ትክክል አይደሉም። ተጽፎ አይተነዋል።

አሁን ወደ መጨረሻው ዘመን እንምጣ። በሚያዝያ 2023 አቶ ቀነኒሳ ለንደን ላይ እንደገና አቋረጡ። በዚያው ዓመት ለረጅም ዘመን ያደረጉትን የናይኪን ጫማ ትተው አንታ የተባለውን የቻይና ጫማ አደረጉ። አንታ በ1991 በፉጂየን ክፍለ አገር የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ በአገሩ ታላቅ ቢሆንም በማራቶን ዓለም ግን እንደ ምዕራቡ ኩባንያዎች የታወቀ አልነበረም። ብዙ ሰው «የ41 ዓመት ሰው ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ሳይገረም አልቀረም።

እኔ ግን ኩባንያው ሒሳቡን አሳምሮ የሠራ ይመስለኛል። የ22 ዓመት ወጣት ፈጥኖ ሲሮጥ ተመልካች የሚያደንቀው ወጣቱን ነው፤ የ41 ዓመት ሰው ፈጥኖ ሲሮጥ ግን «ያደረገው ጫማ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በታላላቅ ከተሞች ማራቶን ከሚሮጠው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ለሽልማት ሳይሆን ለጤናውና ለደስታው የሚሮጥ ነው፤ ከእርሱም መካከል 40 ዓመት ያለፈው ብዙ ነው፤ ጫማ የሚገዛውም እርሱ ነው። ስለዚህ የአንጋፋው ዕድሜ በአንደኛው ኩባንያ መዝገብ ላይ ዕዳ ሲሆን፣ በሌላው መዝገብ ላይ ሀብት ሆኖ ይገኛል። ወኪሉ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ 15 ከመቶውን የሚያገኘው ይህን ሁለተኛውን መዝገብ ፈልጎ በማግኘቱ ነው።

በታኅሣሥ 2023 አቶ ቀነኒሳ ስፔን አገር ቫሌንሲያ ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ አራተኛ ሆኑ። ሚያዝያ 21 ቀን 2024 ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሁለተኛ ወጡ፤ ያሸነፋቸው ኬንያዊው አሌክሳንደር ሙቲሶ የቀደማቸው በ14 ሴኮንድ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ የፈጠነ ሰዓት አልታየም። በዚህም ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተመረጡ፤ ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ፓሪስ ላይ 39ኛ ሆነው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ገቡ። ወርቁን ያገኙት ወገናችን ታምራት ቶላ ናቸው፤ ታላቁ ኪፕቾጌ ያንን ዳገታም መንገድ ሳይጨርሱት ቀሩ።

አንድ ኩባንያ 39ኛ ለወጣ ሰው ምን ይከፍላል? በልማዱ ውል ምንም፤ እንዲያውም ይቀንስበታል። እኔ ግን ከመቱም ሆነ ከበቆጂ የሚነሣ ወጣት ሯጭ፣ ገና ዋጋውን ራሱ በሚናገርበት በ22 ዓመቱ፣ ሦስት ነገር እንዲያስጽፍ እመክራለሁ፤ ጉዳት በሐኪም ከተረጋገጠ ለ18 ወር ያህል ቅነሳ እንዳይኖር፤ የሕክምናውን ወጪ ኩባንያው እንዲጋራ፤ ደግሞም 40 ዓመት ካለፈ በኋላ በዕድሜ እኩዮቹ መካከል ፈጣን ለሚሆንበት ሰዓት ጉርሻ እንዲቈረጥለት። ሁለቱን ለማስጽፍ ጥቂት መከራከር ያስፈልግ ይሆናል። ሦስተኛውን ግን የ22 ዓመት ልጅ ሲጠይቅ የኩባንያው ሰው ስቆ ይፈርምለታል።